እያየህ ትለምዳለህ

ዛፏ ሞተች። የሥራ ቦታችን መግቢያ ላይ የነበረችውን ለጋ ዛፍ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ‹‹ውኃ ጠምቷት ነው›› አልን። ‹‹ተባይ ነው›› ያለም ነበር። ባለፈው ሳምንት ጎንበስ ብዬ እግሯን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ቅርፊቷ ዙሪያውን ተልጧል። ቀለበት ያጠለቀች ነው የምትመስለው። መጥረቢያ አይደለም፣ ምስጥም አይደለም። ያ በትከሻ የሚንጠለጠለው፣ በናይለን ክር የሚያጭደው ማሽን ነው። በየሳምንቱ እየመጣ ትንሽ ትንሽ ሲልሳት ከርሟል።

አጫጁ እዚያው ነበር። ልጅ ነው። ፊቱ ላይ የሣር ብጣሽ ተለጣጥፏል።

‹‹ማሽኑን ማን አሳየህ?›› አልኩት።

‹‹ማንም አላሳየኝም ጋሼ። እያየህ ትለምዳለህ ነው ያሉኝ።››

‹‹ማንን እያየህ?››

በአገጩ ጓደኛውን አመለከተኝ። ጓደኛው ራቅ ብሎ ሌላ ዛፍ እየላጠ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ወቀሳ የለም። ዛሬ ምስጋና ነው። የአትክልት ሠራተኛ ቀጥረው፣ ማሽን አስታቅፈው፣ ‹‹በል እንግዲህ›› ብለው የሚያሰማሩ አሠሪዎችን ላመሰግን ነው የተነሳሁት። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። አዲስ ስልክ ሲገዙ ባለሱቁን ግማሽ ሰዓት አቁመው ‹‹ይሄስ ምንድነው? ይሄኛውስ?›› የሚሉት እነሱ ናቸው።

በመጀመሪያ ጊዜ ቆጣቢነታቸው ይደነቅልኝ። ሌላው ሰው ለማሠልጠን ቀናት ይፈጃል። ለእነሱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ‹‹ይሄ ማሽኑ ነው። ያ ሣሩ ነው። ምን ትጠብቃለህ?›› አለቀ። ሦስተኛው ጥያቄ ነው እንዳትሉኝ። እሱ የማጠቃለያ ፈተናው ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የዕውቀት ሐረጋቸው ነው። ነገሩ አልለቀቀኝም፤ ልጁን ይዤ ወደ ላይ መቁጠር ጀመርኩ። ልጁ ከጓደኛው ተማረ። ጓደኛው ሥራ ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነው። ጓደኛውን ያስተማረው አንድ ወር ሠርቶ የሄደ ልጅ ነው። እሱን ያስተማረው ደግሞ ግራ ትከሻውን ያመው የነበረ ሰውዬ ነው። ይቺን ትከሻ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ባለ ትከሻውን ያስተማረው ማሽኑን ከካርቶን ያወጣው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። የግምጃ ቤቱን ሠራተኛስ ማን አስተማረው? ካርቶኑ። ካርቶኑ ላይ ሥዕል አለ። መነጽር ያደረገ፣ ጆሮውን የሸፈነ፣ ጓንትና ቦት ጫማ ያጠለቀ ሰውዬ ፈገግ ብሎ ሣር ያጭዳል። በዚህ ሐረግ ውስጥ የተሟላ መከላከያ አድርጎ የሠራ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። የመመሪያው መጽሐፍ የት ገባ ትሉ ይሆናል። እሱም ሥራ አላጣም። የግምጃ ቤቱ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጠር ይል ነበር፤ አሁን አያጥርም።

ወደ ትከሻዋ ልመለስ። ሰውዬው ስለሚያመው ማሽኑን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ነበር የሚይዘው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ተማሪው ግን አየ፣ ለመደ። የተማሪው ተማሪም አየ፣ ለመደ። አሁን ትከሻቸው ድንጋይ የሚሸከም ጎረምሶች ሁሉ ማሽናቸውን ወደ ቀኝ አዘንብለው ይሄዳሉ። ሲያዘነብሉት ክሩ ግንድ ይነካል። የአንድ ሰው ቁርጥማት ለስንት ዛፍ ተረፈ!

በዚህ መች አበቃ። ያ የመጀመሪያው ማሽን ክዳኑ ላላ ያለ ነበር መሰለኝ፣ ከመነሳቱ በፊት ሁለቴ መታ መታ ይደረግ ነበር። ማሽኑ ከተጣለ ቆየ። አዲሶቹም ግን ሁለቴ ይመታሉ። ልጁን ‹‹ለምንድነው የምትመታው?›› ብለው ‹‹እንዲነሳ ነዋ›› አለኝ። ‹‹ባትመታውስ?›› ደነገጠ። ሞክሮ የሚያውቅ የለም። አንዴ ሦስቴ የሚመታ ልጅ መጥቶ ነበር አሉ፤ ካቦው ‹‹ማሽን ታበላሻለህ!›› ብሎ አምባረቀበት። እንግዲህ ‹‹ሥልጠና የለም›› የምትሉ ሰዎች እፈሩ። ሥርዓት አለ፣ ወግ አለ፣ መናፍቅ እንኳ ሳይቀር አለ።

ዘይቱም እንደዚሁ ነው። የዚህ ማሽን ቤንዚን ዘይት ይቀላቀልበታል። ብዙዎቹ ላይ ልኩ 50 ለ 1 ነው፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት። ካርቶኑ ላይ በቁጥር ተጽፏል። ባለ ትከሻው ዘንድ ሲደርስ ‹‹አንድ ክዳን›› ሆነ። ቀጥሎ ‹‹ጠብ አድርግበት›› ሆነ። መጨረሻው ላይ ‹‹ዘይት ደግሞ ለምኑ?›› ተባለ። ሞተሩ ተጣብቆ ቀረ። ሒሳቡ ማን ላይ እንደወደቀ ልንገራችሁ? የሐረጉ ጫፍ ላይ ካለው ልጅ ደሞዝ ላይ ነው።

የአሠሪዎቻችንን ዕድለኝነትም ሳላደንቅ አላልፍም። የተላጠ ዛፍ ቶሎ አይሞትም። ቅጠሉ የሚሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ነው። ውኃው ግን ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በእንጨቱ ውስጥ ነው የሚወጣው። ሽፋኑ ዙሪያውን ሲቆረጥ ውኃው መውጣቱን አያቆምም፤ ሥሩ ነው ቀስ እያለ የሚራበው። ስለዚህ ዛፉ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ለምለም መስሎ ይቆማል። በሚሞትበት ቀን የላጠው ልጅ የለም። ያሰማራው አለቃ ሌላ ግቢ ተዛውሯል። ተራ የደረሰው አዲስ ልጅ ‹‹ውኃ አላጠጣህም›› ተብሎ ይቀጣል። አለመሠልጠን እንደዚህ የሚያምርለት ሙያ የት ይገኛል? ምግብ አብሳይ ቢያሳርር በሰዓቱ ይታወቃል።

ጉዝጓዙንም እያችሁልኝ፤ ዛፍ ሥር የሚነጠፈውን ደረቅ ቅጠልና ገለባ ማለቴ ነው። አፈሩ እርጥበት እንዲይዝ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አንጥፎ ከግንዱ ገለል ማድረግ ነበር የሚባለው። የእኛዎቹ ግንዱ ላይ ከምረው ትንሽ እሳተ ገሞራ ይሠራሉ። ያምራል። ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ግን ያምራል። ሣሩንም ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ የሚል ሕግ አለ። ‹‹እስከ አፈሩ ላጨው፣ ቶሎ እንዳንመለስ›› የሚል ደግሞ ትእዛዝ አለ። የትኛው እንደሚከበር አልነግራችሁም።

ሁሉም አያሠለጥኑም ብዬ ግን አልዋሽም። ጥቂቶች ያሠለጥናሉ፤ ያውም በአዳራሽ። አንዴ እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አትክልተኞቹ ንጹህ ሸሚዝ ለብሰው መጥተው ተደርድረው ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት እየተባለ አለፈ። ስለ ቡድን መንፈስ አንድ ሰዓት ተኩል ተነገራቸው። መጋዝ አልተነሳም። ዶማ አልተነሳም። ጉድጓድ ሲቆፈር ጥልቀቱ ከሥሩ ኳስ፣ ማለትም ሥሩ ከታቀፈው አፈር ጋር ካለው ቁመት እንዳይበልጥ፣ ስፋቱ ግን ሁለትና ሦስት እጥፍ እንዲሆን የነገራቸው የለም። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ብቸኛ ተክል የመድረኩ ጠረጴዛ ላይ ያለው የፕላስቲክ አበባ ነበር። እውነት ለመናገር በጣም ጤነኛ ነበር። በጎኔ የተቀመጡት አባት ገና ሳይነጋ የተነሱ ናቸው መሰለኝ፣ ‹‹ተልዕኮ›› ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት ተሰጣቸው። ፎቶ ተነሱ። በማግስቱ እሳተ ገሞራ መከመሩ ቀጠለ፤ አሁን ግን ባለ ሰርተፍኬት ነው።

እዚህ ጋ ቀልዱን ላቁመው።

ብዙዎቹ ማሽኖች ከ90 ዲሲቤል በላይ ነው የሚጮኹት። የሥራ ጤና ባለሙያዎች ለ8 ሰዓት የሚፈቅዱት 85 ነው። ድምፁ 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ልጁ ጆሮው ላይ ምንም የለም። ከጠዋት እስከ ማታ። ስጠራው ሦስቴ ደጋግሜ ነው የሰማኝ፤ ያኔ ማሽኑ ጠፍቶ ነበር። ጆሮ እንደ ሣር አይበቅልም። ባለ ጎማው ማጨጃ ሥር እርጥብ ሣር ሲወተፍ እጁን ሰዶ የሚጠርግ ልጅ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ሞተሩን አጥፋ፣ ስለቱ እስኪቆም ጠብቅ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀል፣ ከዚያ በእንጨት ጥረግ። ይህንን ለመናገር ስንት ሰከንድ ይፈጃል? አሁን ቆጥሬዋለሁ፤ አሥር አይሞላም። አሥር ሰከንድ ነፍጋችሁ የምታስከፍሉት የሰው ጣት ነው! ከዚያ ‹‹ግዴለሽ ናቸው እኮ›› ትላላችሁ። ግዴለሹስ ማን ነው?

እሺ። ወደ ምስጋናችን።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ማሽን ነክተው የማያውቁ ሰዎችን በገፍ መቅጠር ነበረባቸው። ለካቦዎቹ አንዲት ትንሽ ካርድ ተሰጠቻቸው። አራት ነገር ነው ያለባት። ሰውየውን አዘጋጀው፣ እየነገርክ አሳየው፣ ራሱ እየሠራ እንዲያስረዳህ አድርግ፣ ከዚያ ለብቻው አሠማርተህ ተከታተለው። ከሥሯም ‹‹ሠራተኛው ካልተማረ አስተማሪው አላስተማረም›› ትላለች። እነዚያ በዓለም ጦርነት መሀል ይህንን ለማድረግ ጊዜ ነበራቸው። የእኛዎቹ የሣር ቀጠሮ ስላለባቸው ካርዷን አሳጠሯት። ‹‹ሠራተኛው ካልተማረ ደሞዙ ይቆረጣል።››

‹‹ባሠለጥነውማ ነገ ጥሎኝ ይሄዳል›› የሚሉም አሉ። ብልሆች ናቸው። እኔ የማውቀው አንዱ ይህንን ሲያስረዳኝ መሀል ላይ ስልኩ ጮኸ። የደወሉለት ሦስት ልጆች በአንድ ቀን መጥፋታቸውን ሊነግሩት ነው። አንዳቸውንም አላሠለጠነም። ስልኩን ዘግቶ ‹‹አየህ?›› አለኝ። አየሁ እንጂ።

የሹመታቸው ነገርም ይነሳ። ከቡድኑ ሁሉ ፈጥኖ የሚያጭደው ልጅ ይመረጥና ካቦ ይደረጋል። ሰው እንዴት እንደሚመራ፣ ስህተት እንዴት እንደሚታረም የሚነግረው የለም። ፊሽካ ይሰጠዋል። እውነቴን ነው፣ ፊሽካ። ጎበዙ አጫጅ ከሣሩ ይወጣል፣ ግራ የገባው ካቦ ይገባል። በአንድ ሹመት ሁለት ሰው ማጣት ማለት ይሄ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ለእነሱ አይሠራም፤ እነሱ ጭራሽ አይታጠቁም።

ዛሬ ጠዋት ስገባ በሞተችው ዛፍ ቦታ አዲስ ችግኝ ተተክሏል። ጎንበስ አልኩ፤ አሁን ልማድ ሆኖብኛል። የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ ከነሥሩ አብሮ ተቀብሯል፣ ጠርዙ ከአፈሩ ብቅ ብሎ ይታያል። ጉዝጓዙ እስከ ግማሽ ግንዱ ተከምሯል።

ያ ልጅ አጠገቡ ቆሟል። ከጎኑ አዲስ ልጅ አለ፤ ጫማው ገና አልቆሸሸም። ማሽኑን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

‹‹እያየኸኝ ነው?›› አለው የእኔው ልጅ፣ በመምህር ድምፅ።

‹‹አዎ።››

ክዳኑን ሁለቴ መታ መታ አደረገው። ወደ ቀኝ አዘነበለው።