ከቅንፍ ውጭ ያለችው ሻይ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ዛፍ ሥር የሚሰበስብበት ሰዓት። አራት ጓደኛሞች አንድ ፈጢራ ተካፍለን በልተን ሻይ ጠጥተናል። ፈጢራው 120 ብር፣ አንዱ ሻይ 20 ብር። ሂሳብ ከመጠየቁ በፊት የተለመደው ግብግብ ተጀመረ፤ «እኔ ነኝ የምከፍለው!»፣ «አቦ ተው፣ በእናትህ!»፣ እጅ መያዝ፣ ኪስ መጎተት።

ባለቤቱ የጠረጴዛ ካልኩሌተራቸውን ሳብ አድርገው 120 መደመር 20 ማባዛት 4 ብለው ነካኩት።

«560» አሉ።

እጅ ሁሉ ወደየጉልበቱ ተመለሰ። የሸሚዜን ኪስ ሊቀድ ሲታገል የነበረው ሰው «አንተ እኮ ልትከፍል ነበር» አለኝ በትሕትና።

ካልኩሌተሩ አልዋሸም። ርካሹ ዓይነት የነገሩትን እዚያው ይፈጽማል፤ 120 እና 20 ሲሰማ 140 ብሎ ይጨርስና 4 ሲመጣ ያንኑ ያባዛዋል። አራት ፈጢራ አስከፈለን፣ ሦስቱን ሳናያቸው። ስልክ ግን ማባዛቱ እስኪያልፍ መደመሩን አቁሞ ያስጠብቃል፤ 200 ይል ነበር።

ይል ነበር፤ ስልኩን ያወጣው ጓደኛችን ግን ድርሻውን ለማወቅ ቸኩሎ 120+20×4÷4 ብሎ ባንድ ትንፋሽ ጻፈ። 140 መጣ። «ይኸው! ለአንድ ሰው 140፣ በአራት 560። ጋሼ አልተሳሳቱም!» ስልኩ ሻዩን ብቻ ለአራት አካፍሎ ፈጢራውን እንዳለ በእያንዳንዳችን ላይ ጭኖታል። ሁለት ስህተት ተገናኝተው ሲመሰካከሩ እንደዚያን ቀን አይቼ አላውቅም። ደግሞ በእኛ አይፈረድም፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት 8÷2(2+2) የምትል አንዲት መስመር የዓለምን የኢንተርኔት ሰው «16 ነው»፣ «1 ነው» አስብላ አጣልታለች።

ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን የምትሠራው የባለቤቱ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ሁለት ቅንፍ፣ እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጠን አድርጋ ሣለች፤ (120+20×4)÷4። «አባዬ፣ ቅንፉ ውስጥ ያለው ይቀድማል። እዚያም ውስጥ ማባዛቱ ከመደመሩ ይቀድማል።»

ጠቅላላው 200፣ ለአንድ ሰው 50።

200 ሲባል ጀግኖቹ እንደገና ተነሡ። «አቦ እኔ ነኝ!»፣ «ሞቼ ነው ቆሜ!» ቸርነታችን እስከ 200 ብር ድረስ ወሰን የለውም። ሸሚዜም እንደገና ተያዘ።

ይሄኔ አስተናጋጁ ብቅ ብሎ «ሻዩ እኮ አምስት ነው፤ አንዱ ደግመዋል» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ልጅቷን ቀስ ብዬ፣ አምስተኛዋ ሻይ ቅንፉ ውስጥ ብትገባ ምን ይመስላታል አልኳት።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለችና ከእኔ 50 አጠገብ +20 ብላ ጻፈች።