መኪና ሰሪዎች ቢዋሃዱ ለገዢው ምን ይተርፈዋል?

ሆንዳና ኒሳን ሊዋሃዱ ነው የተባለ ሰሞን ባሕር ዳር ያሉ የመኪና ደላሎች ሳይቀሩ «ኒሳን መግዛት አሁን ነው» ሲሉ ነበር። ወሬው ታኅሣሥ 2017 ተሰማ፣ የካቲት ላይ ፈረሰ። ቢሳካስ ኖሮ? ለገዢው ጠብ የሚልለት ነገር የነበረ አይመስለኝም።

ኩባንያዎች የሚዋሃዱት በዋናነት ወጪ ለመቆጠብ ነው። አንድ ሞተር ሠርተው የተለያየ ስም ያላቸው መኪኖች ውስጥ ይከቱታል። ሞተሩ ጥሩ ከሆነ እሰየው። ካልሆነስ? (ከዚህ በታች ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) የፔጆን ባለ 1.2 ሊትር ፒዩርቴክ ሞተር እዩ። ቺንጊያው የሚዞረው ዘይት ውስጥ ነው፤ የቺንጊያው ጎማ እየተፋቀ ፍርፋሪው የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል፣ ዘይት ያልደረሰው ሞተር ደግሞ መጨረሻው ይታወቃል። የፔጆ ባለቤት ፒኤስኤ በ2017 ኦፔልን ሲገዛ ይኸው ሞተር አዲሱ ኦፔል ኮርሳ ውስጥ ገባ። የጀርመን ነው ብሎ የገዛ ሰው የፔጆን በሽታ ወረሰ ማለት ነው።

«ሃዩንዳይና ኪያስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሃዩንዳይ የከሰረውን ኪያን በ1998 ወሰደ፣ የሁለቱም መኪና ተሻሻለ። ግን በዚያው ሰሞን ሃዩንዳይ አሜሪካ ውስጥ ለሞተርና ለካምቢዮ የ10 ዓመት ወይም የ100 ሺህ ማይል ዋስትና ሰጠ። ነገሩን የለወጠው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ሞተር ሲነክስ ከፋዩ ፋብሪካው ከሆነ ሳይወድ በግዱ ይጠነቀቃል። ያም ሆኖ ቴታ 2 የተባለው ሞተራቸው ጉድ ሲያፈላ የሃዩንዳዩም የኪያውም ባለቤት እኩል አለቀሰ። የመርሴዲስ ባለቤት ዳይምለርና የአሜሪካው ክራይስለርማ በ1998 ተጋብተው በ2007 ተፋቱ፤ ክራይስለርም መርሴዲስ አልሆነም።

ወደ እኛው እንምጣ። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የሚቀርብልን በአብዛኛው የቻይና ኤሌክትሪክ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ቁልቁለቱ ለባትሪው ትንሽ ይመልስለታል፣ የጎሐ ጽዮን ዳገት ግን ይመጠዋል። እና ደላላው «ትልቅ ኩባንያ ነው እኮ የገዛው» ሲላችሁ፣ ባትሪው ቢበላሽ ደብረ ማርቆስ ላይ ማን እንደሚከፍተው ጠይቁት። ዋስትናውንም በማኅተም የተጻፈውን አምጣ በሉት። አንዳንዱ ዋስትና ሲነበብ መኪናውን አዲስ አበባ ድረስ አምጡ ይላል፣ የጭነቱ ሂሳብ ደግሞ ከእናንተው ኪስ ነው።