ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ብሌንደር

ጎንደር በ44ቱ ታቦት ደወል ስትነቃ የኖረች ከተማ ናት። አሁን ደወሉን የሚያግዝ መጥቷል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የጎረቤቴ ብሌንደር ይነሳል፤ ግቢው ሁሉ አብሮት ይነሳል። እኔ በበኩሌ ምስጋና እንጂ ቅሬታ የለኝም። የስልኬን አላርም ካጠፋሁት ቆይቷል። ከግድግዳው ማዶ ያለው ይበቃኛል።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ቁርሳቸውን ለሚጠጡ ወገኖቻችን የቀረበ ውዳሴ ነው። የሚጠጡትን ስሙዚ ይሉታል። እኛ ያልነቃነው "ጁስ" እያልን ስንጠራው የኖርነውን ማለት ነው። ፒያሳ ጁስ ቤት ገብተን "አንድ ስፕሪስ" ስንል አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ተደራርቦ፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት፣ በማንኪያ እየዛቅን የጨረስነው ሁሉ ለካ ስሙዚ ኖሯል። ሳናውቀው ጤነኞች ነበርን! ደግሞ በቅኔ አገር ተቀምጦ ሰምና ወርቅ አለመለየት ነውር ነው። ወርቁ ያው ጁስ ነው። የተለወጠው ስሙ ነው፤ ቃሉ ራሱ "ስሙ" ብሎ ይጀምራል።

ቋንቋችንንም ከኋላ ቀርነት እያወጡልን ነው። "ቁርስ" የመጣው ከመቆረስ ነው። አባቶቻችን የሚቆረስ ነገር ነበራቸውና ቆረሱ። እነዚህ ግን "ቁርስ ጠጣሁ" ይላሉ። ጥርስ ከእንግዲህ ለፎቶ ብቻ ነው።

ፎቶ ካልኩ አይቀር፣ የመጀመሪያውን ጉንጭ የሚጠጣው ስልክ ነው። ብርጭቆው መስኮት ላይ ይቀመጣል። ከጀርባው የፋሲል ግንብ እንዲታይ ትንሽ ወደ ግራ ይገፋል። ከዚያ ትንሽ ወደ ቀኝ። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ሲቆረቁሩ ግንቡ አንድ ቀን የማንጎ ጭማቂ አጃቢ ይሆናል ብለው አስበው ይሆን? አይመስለኝም። ግን ያምርበታል።

ቅዳሜ ገበያም ሰልጥኗል። ባለፈው ሙዝ ልገዛ ሄጄ ነበር። ሻጯ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ወንድምዓለም፣ ለመብላት ነው ለመፍጨት?" አለችኝ። ለመብላት ነው ስላት ዋጋው ትንሽ ወረደ። አዘነችልኝ መሰለኝ።

የምንወዳቸው ስሙዚያውያን ስኳር አይነኩም። ይሄ ቃል ኪዳናቸው ነው። ሁለት ሙዝ፣ አንድ ትልቅ ማንጎ፣ ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር። ማር እኮ ስኳር አይደለም፤ ማር ተፈጥሮ ነው! የዓለም ጤና ድርጅት ግን ይሄ አልገባውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርን ከስኳር ጋር አንድ መዝገብ ላይ አሰፈረው። የጭማቂውንም ስኳር አብሮ ጻፈው። ሲሆን ሲሆን በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ብቻውን ወደ 17 ግራም ስኳር አለው። ሁለቱን ማንኪያ ደምሩት። እኔ አልደምርም፤ የሰው ቁርስ ላይ ሒሳብ መሥራት ደስ አይልም።

ጎረቤቴ ደግሞ ከፈጨችው በኋላ ታጠልለዋለች። ጉሮሮ ላይ ይከረክራል ትላለች። ፋይበሩ ማጥለያው ላይ ይቀራል፣ ጣፋጩ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ማጥለያው ላይ የቀረው ለአከራያችን ዶሮዎች ይደፋል። በግቢያችን የሚያስቀና ጤና ያላቸው እነዚያ ዶሮዎች ናቸው።

አከራያችንን እማማ እንላቸዋለን። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን እሽግ እያሳየችን ነበር። ወርቃማ ጽሑፍ አለው፤ ዋጋውን ስትናገር ድምጿ ዝቅ አለ። እማማ ተቀብለው ትንሽ መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ። በጣታቸው አሹት። አሸተቱት።

"ይሄማ ተልባ ነው" አሉ።

"አይ እማማ፣ ፍላክስ ሲድ ነው። ለልብ ጥሩ ነው።"

"እኮ ተልባ። ምነው ሳትቆዪው?"

"አይቆላም እማማ። እንዲሁ ላዩ ላይ ይነሰነሳል።"

"ሳይወቀጥ?" እማማ ዞር ብለው አዩኝ። "ሳይወቀጥማ እንደገባ ነው የሚወጣ።"

ያላነበቡትን ሳይንስ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። የተልባ ፍሬ ሳይደቅ ከተዋጠ አብዛኛው ሳይፈጭ ያልፋል። እማማ በየጾሙ ይቆሉታል፣ ይወቅጡታል፣ በውሃ ይበጠብጡታል። ግን በፕላስቲክ ስኒ ነው የሚጠጡት። ፎቶም አልተነሳ። ስለዚህ ሲጠጡ የኖሩት ጤና አይቆጠርላቸውም። ለነገሩ እማማ ኑግም፣ ሱፍም፣ አብሽም ያውቃሉ። በሶም በጥብጠው ያጠጡናል። አንዱንም በእንግሊዝኛ ስሙ አይጠሩትም፤ ጥፋቱ የራሳቸው ነው።

ረቡዕና ዓርብ እርጎው ይወጣና ነገርየው "የጾም ስሙዚ" ይባላል። በጠዋቱ። ይሄን ለእማማ ማን ይንገራቸው?

የእጥበቱን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ውዳሴዬ ጎዶሎ ይሆናል። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በወረፋ ነው፤ ሰው ጀሪካኑን እንደ ልጁ ይቆጥራል። አንድ ብርጭቆ ስሙዚ ለማጠብ ግማሽ ጀሪካን ይጠይቃል። አቮካዶው ስለቱ ሥር ይገባና ይደርቃል። በማንኪያ ቢሉት እንቢ፣ በጥርስ ብሩሽ ቢሉት እንቢ። ጎረቤቴ ቁጢጥ ብላ ስትፈገፍግ ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስፖርቱ እዚህ ጋ ነው ያለው እላለሁ።

ደግሞ ጠጥታ አትቀርም። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ በመሥሪያ ቤቷ በር ሳልፍ ፍርፍር ፊት ለፊቷ ቀርቦ አየኋት። አየችኝ። "ይሄ መክሰስ ነው" አለች። ስሙዚው ቁርስ፣ ፍርፍሩ መክሰስ፣ ከዚያ ምሳ። ድሮ በቁርስና በምሳ መሃል ባዶ ሜዳ ነበር። ባክኖ ኖሯል።

ትናንት ጠዋት ብሌንደሩ እንደ ልማዱ ጮኸ፤ ከዚያ ድንገት ዝም አለ። መብራት ሄደ። ግቢው ጸጥ ሲል ደወሉ እንደገና ተሰማ። ጎረቤቴ ብሌንደሩን እንዳቀፈች በር ላይ ወጣች። ግማሹ ተፈጭቷል፤ ሌላው ማንጎ እንደ ዓሣ ይንሳፈፋል።

እማማ ከማጀት ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ ሙቀጫውን ላውስሽ?"

እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ጎረቤቴ ብሌንደሩን አየች፣ እማማን አየች።

"ዘነዘናውም አለ እማማ?" አለች።