ሦስቷን ድምፅ ተከተሉ

አንድ ጸሐፊ የሙዚቃ ደራሲውን የኤድጋር ቫሬዝን «ዴንሲቲ 21.5» ዜማ የሌለው ጩኸት ነው ብሎታል። መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ እንደሚያጋባ አልክድም። ዜማ የለውም በሚለው ግን በፍጹም አልስማማም።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1936 ለአንድ ፍሉት ብቻ የተጻፈ ሥራ ነው። ቫሬዝን ያስጻፈው ፍሉት ተጫዋቹ ዦርዥ ባሬር ነው፤ ከፕላቲኒየም የተሠራ አዲስ ፍሉቱን ሊያስመርቅበት። ስሙም ከዚያው መጣ፤ ዴንሲቲ ማለት እፍጋት ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ፕላቲኒየም 21.5 ግራም ገደማ ይመዝናል።

አሁን ወደ ዜማው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ድምፆች በደንብ ያዟቸው። የመጀመሪያዋ ትነሳለች፣ ሁለተኛዋ ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ ሦስተኛዋ ከመጀመሪያዋ ትንሽ ከፍ ብላ ታርፋለች። በቃ፣ ዘሩ ይህ ነው። ቀሪውን ስትሰሙ ይህችው ዘር ደጋግማ ብቅ ትላለች፤ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ተሰባብራ። እኔ ይህን እስካስተውል ድረስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ካስተዋልኩ በኋላ ግን ሌላ ሥራ ሆነብኝ።

መሀል ላይ ደግሞ ተጫዋቹ እየነፋ የፍሉቱን ቁልፎች ይመታል። ቀጭን ከበሮ ነው የሚመስለው። በዚያ ዘመን ይህን ከፍሉት መጠየቅ ትልቅ ድፍረት ነበር።

ጠቅላላው ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ቢሆን ነው። እባካችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፣ ጸጥ ባለ ቦታ። ትንፋሹም፣ ዝምታውም የሥራው አካል ነው። ከስልክ ድምፅ ማጉያ ከሆነ ግማሹ ይጠፋል።