ዛፉን ቆሞ ያደረቀው አፈሩ ነው ወይስ አየሩ?

ክርክሩ የተነሳበት ሐሳብ፦ «ደን ውስጥ ቆመው ለሚደርቁ ዛፎች ዋናው ምክንያት የአፈር ኬሚስትሪ መበላሸት ነው።» አንዷ ደግፋ፣ አንዱ ተቃውሞ ጽፈዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ደጋፊ፦
ሰው የደረቀ ዛፍ ሲያይ ቀና ብሎ ቅጠሉን ነው የሚያየው፣ እኔ ደሞ እባካችሁ አንዴ ጎንበስ በሉ ነው የምለው። አፈር ውስጥ ያለው ሸክላና ብስባሽ ካልሲየሙን፣ ማግኒዥየሙን፣ ፖታሲየሙን ላዩ ላይ ይዞ ያቆየዋል፣ ዛፉም ቀስ እያለ ከዛ ላይ ይወስዳል። ከጭስ የወጣ ሰልፈር ያመጣው አሲድ ዝናብ ሲመጣ ግን ሃይድሮጅኑ ቦታቸውን ይቀማቸዋል፣ እነሱም ከሰልፌቱ ጋር ተያይዘው በውሃው ወደ ወንዝ ይሄዳሉ፣ ድንጋዩ ፈርሶ እስኪተካቸው ደሞ ዘመን ይፈጃል፣ በተለይ ከስር ግራናይት ከሆነ። የባሰው ከዛ በኋላ ነው። ፒኤቹ፣ ማለት የአሲድነቱ መለኪያ (ሲወርድ አሲዱ ይበዛል)፣ ከ5 በታች እየወረደ ሲሄድ እስከዛ ድረስ ማዕድን ውስጥ ታስሮ ማንንም ያልነካው አልሙኒየም ይሟሟና ሥሩ ጋ ይደርሳል። በአልሙኒየም የተጎዳ ቀጭን ሥር ጫፉ አጥሮ፣ ወፍሮና ጠቁሮ ነው የምታገኙት፣ አዲስ ቅርንጫፍ ማውጣት ያቆማል፣ ካልሲየም የሚገባበትም መንገድ ይዘጋል። ዛፉ ከታች እየተራበ ከላይ ለዓመታት አረንጓዴ ሊመስል ይችላል። የጀርመኑ የአፈር ሳይንቲስት በርንሃርድ ኡልሪክ ሶሊንግ በሚባለው ተራራማ ቦታ ለዓመታት ለክቶ ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነው።

ተቃዋሚ፦
እህቴ ኬሚስትሪውን አልክድም፣ ግን ኡልሪክን ካነሳሽ አይቀር ቀጥሎ የሆነውንም አንሺዋ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ደኑ በጥቂት ዓመት ሊያልቅ ነው ተብሎ ሀገር ምድሩ ተደናገጠ። አለቀ? አላለቀም። እንደውም በ1996 የወጣ አውሮፓን የሚያካልል ጥናት ብዙ ቦታ ላይ ደኑ ከድሮው በፍጥነት እያደገ እንደሆነ ነው ያሳየው። በጀርመን፣ በፖላንድና በያኔዋ ቼኮስሎቫኪያ ድንበር ላይ ተራራው እስኪራቆት ድረስ የረገፈው ደን ደሞ ዋናው ገዳዩ ከድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች የሚወጣው የሰልፈር ጋዝ ነበር፣ በቀጥታ ቅጠሉን ነው የመታው። ውርጩም ተጨመረበት። እና እዛ ላይ አፈሩ ዋና ተከሳሽ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ደጋፊ፦
ድንበሩ ላይ ያለውን ተቀብያለሁ፣ እዛ ጋዙ ነው። ግን አላለቀም ማለት አልታመመም ማለት አይደለም እኮ ወንድሜ፣ ሰው ጮኾ የሰልፈር ልቀቱ ስለተቀነሰም ነው። እስቲ በዛን ሰሞን የታመመ የስፕሩስ፣ የጥድ ዓይነት ቀጭን ቅጠል ያለው ዛፍ፣ ቅርንጫፍ እጅህ ላይ አስበው፦ ጫፉ ላይ ያለው የዘንድሮው ቅጠል አረንጓዴ ነው፣ ወደ ግንዱ ስትጠጋ የአምናውና የካቻምናው ቢጫ ነው፣ ብርሃን የሚያገኘው የላይኛው ገጽ ደሞ ይብሳል። ይሄ የማግኒዥየም እጥረት ምልክት ነው፣ ዛፉ ከአሮጌው ቅጠል እየነጠቀ ለአዲሱ እየሰጠ ነው። ማግኒዥየም ያለው ማዳበሪያ ሲሰጠው መልሶ አረንጓዴ ሆነ። አየሩ ባለበት ነው፣ የተቀየረው አፈሩ ብቻ።

ይሄም ካልበቃ አሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ሀባርድ ብሩክ የሚባለው የምርምር ደን አለ። በ1999 ወደ 12 ሄክታር የሚጠጋ ተፋሰስ ላይ ዎላስቶናይት የሚባል ካልሲየም ያለበት ማዕድን በሄሊኮፕተር በተኑበት፣ አሲድ ዝናብ ያጠበውን ለመመለስ። ሹገር ሜፕል የሚባለው ዛፍ አገገመ፣ ከስሩ አዲስ ችግኝ በዛ። በ2003 ደሞ አካባቢውን ከባድ የክረምት ብርድ መታው፣ ቀይ ስፕሩሱ በየቦታው ቅጠሉ ተቃጠለ፣ ካልሲየም የተበተነበት ላይ ግን ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነበር። ለምን መሰለህ፣ የቅጠሉ ሴል ብርድ የሚችለው በካልሲየም ነው። አንተ ውርጭ ነው ያልከው ውስጥ አፈር ተደብቋል።

ተቃዋሚ፦
ሀባርድ ብሩክን ሙሉውን እናውራ እንጂ። ካልሲየሙ ከተበተነ አስር ዓመት ገደማ በኋላ ከዛው ተፋሰስ ናይትሮጅን እየታጠበ በጅረቱ መውጣት ጀመረ፣ ድሮ ናይትሮጅን የሚይዝ የነበረ ደን የሚያፈስ ሆነ። ፔንስልቬንያ ውስጥ በ1985 የተጀመረው፣ ኖራ በትኖ የአፈሩን አሲድ የመቀነስ ሙከራም አለልሽ፣ ሹገር ሜፕሉ ተሻለው፣ አጠገቡ ያለው ብላክ ቼሪ የሚባለው ዛፍ ግን ተጎዳ። ያው አንድ አፈር ነው! ለአንዱ መድኃኒት ለሌላው ሕመም ከሆነ የተበላሸ ኬሚስትሪ የሚባለው ለማን ነው? አሲዳማ አፈር ላይ ለሺህ ዓመታት ተመችቷቸው የኖሩ ደኖች አሉ እኮ።

ደሞ ዛፍ በአንድ ነገር አይሞትም። የዛፍ በሽታ ተመራማሪው ፖል ማኒየን የዛፍ መድከምን ሲያስረዳ በሦስት ነው የከፈለው፦ ለረጅም ጊዜ የሚያዳክመው፣ ድንገት የሚመታው፣ መጨረሻ ላይ መጥቶ የሚጨርሰው። አፈርሽ የመጀመሪያው ጋ ይቀመጥ፣ አልከለክልም። ግን ከ2018 ጀምሮ መካከለኛው አውሮፓ ላይ ድርቁ ሲመጣና ቅርፊት የሚበሳው ጥንዚዛ ሲከተለው ስፕሩሱ ተራራ ሙሉ ነው የረገፈው። ለዛ ሁሉ አፈሩን ልትከሺው ነው?

ደጋፊ፦
የ2018ቱን አልከስም። ስለ ብላክ ቼሪውም ልክ ነህ፣ ኖራ በጭፍን ይበተን አላልኩም፣ አልልምም። አሲዳማ አፈር ተፈጥሯዊ ነው ያልከው ላይ ግን ፍጥነቱን ረሳኸው፣ ተፈጥሮ በሺህ ዓመት የምታደርገውን ነው እኛ በጥቂት አስርት ዓመታት ያደረግነው፣ ዛፍ ደሞ ተነስቶ አይሄድም።

እስቲ እዛው ፔንስልቬንያ እንቆይ። ሹገር ሜፕሉን አባጨጓሬ በተደጋጋሚ ቅጠሉን ጨረሰው፣ ያው አባጨጓሬ ነው፣ ግን ካልሲየምና ማግኒዥየም የደኸየበት ከፍታው ላይ ያለው ዛፍ ሲረግፍ ማዕድኑ ደህና የሆነበት ዝቅታው ላይ ያለው ቅጠሉን መልሶ አወጣ። ለከፍታው ዛፍ አባጨጓሬው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው የሆነበት። አባጨጓሬውን ማስቀረት አንችልም፣ ድርቁንም በአንድ ቀን አናቆምም፣ ጭስ ማውጫው ላይ ግን ማጣሪያ ገጥመን አይተነዋል፣ ሰልፈሩ ቀነሰ። ስለዚ ዋናው የምለው እጃችን የገባበትን፣ ልንመልሰውም የምንችለውን ነው። የደረቀ ዛፍ ላይ «ድርቅ» ተብሎ ሪፖርት ተጽፎ ከስሩ አንድ አካፋ አፈር እንኳን ሳይወጣ ሲዘጋ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ተቃዋሚ፦
እዚህ ላይ አልከራከርሽም፣ ይቆፈር። ግን አፈሩን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፣ ግንዱም ይበሳና በየዓመቱ የሚጨምረው የእድገት ቀለበቱ ይታይ። ቀለበቱ ድርቁ ከመምጣቱ ከአስር ከአስራ አምስት ዓመት በፊት ጀምሮ እየጠበበ ከመጣ፣ ከስሩ ያለው ካልሲየምም ተሟጦ አልሙኒየሙ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ የዛን ዛፍ ነገር ላንቺ እለቃለሁ። ሰፊ ሰፊ ቀለበት ሲያወጣ ቆይቶ በድርቁ ዓመት ድንገት ከጠበበ ግን አፈሩን ልቀቂው።