ቡና ነው አልኳችሁ!

ቅማል አይደለም። ቡና ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ዛሬ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ ውሃ ጆሮዬ ውስጥ እየገባ፣ 6 ሴቶች ፊት ሦስት ጊዜ ተናግሬያታለሁ። አራተኛውን እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ቡና ነው!

ቪዲዮውን የላከችልኝ ሰው ራሷን ታውቃለች። ስም አልጠራም። ከዚህ ጽሑፍ ሥር ቀድማ የምትስቀዋን እዩ፣ እሷ ናት።

የፎረፎሬን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። ጥቁር ልብስ የተውኩት በሱ ነው። ስብሰባ ላይ ግድግዳ ተደግፌ የምቀመጠው በሱ ነው። ፎቶ ስንነሳ "ቆይ ቆይ" ብዬ ትከሻዬን የምጠርገውም በሱ ነው፤ እናንተ ፀጉሬን የማስተካክል ይመስላችኋል።

ትናንት ማታ ታዲያ ቪዲዮው መጣ። ሁለት ማንኪያ የቡና አተላ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ በወይራ ዘይት ለውሶ ራስን ማሸት። "የሞተውን ቆዳ ጠራርጎ ያወጣል" ትላለች ልጅቷ። ፀጉሯን ብታዩት! እንደ ውሃ ይፈሳል። ራሷ ላይ አንዲት ነጭ ነገር የለችም። ቪዲዮው ሲጀመርም አልነበረችም። የሌለባትን በሽታ በቡና አዳነችው! እኔም አምኜ ተነሳሁ።

የኔ ፀጉር ደግሞ የገባበትን ነገር አይመልስም። የማበጠሪያ ጥርስ ሰብሮ ያስቀረ ፀጉር ነው። አሸሁ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ጣቴ ሥር ቅርፊቱ ሲነሳ፣ እከኩ ለሁለት ደቂቃ ጸጥ ሲል፣ ዓለም ሁሉ የታረቀኝ መሰለኝ። ከዚያ ማጠቡ መጣ። 40 ደቂቃ! ስኳሩስ ደግ ነው፣ ሟሙቶ ሄደ። ቡናው ግን ጎጆ ቀልሶ ተቀምጧል። ከራሴ የወረደው ደግሞ ቱቦውን ደፈነው። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ቡኒ ውሃ ውስጥ እንደቆምኩ ባለቤቴ በሩን አንኳኳ።

"ቤቱ ቡና ቡና ሸተተ፤ ለኔም ቅጂልኝ።"

በዘይት የተለወሰ አተላ ከቱቦ ውስጥ በእጅ ስትዝቁ ያገባችሁትን ሰው በደንብ ታውቁታላችሁ። የኔው የስልኩን መብራት ያዘልኝ። ይዞልኝ ሳቀ።

ጠዋት ፀጉሬ ደርቆ ሳየው ንጹሕ መሰለኝ። ነገ ሰው ፊት መቆም ስላለብኝ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ እኔም ቀስ ብዬ ነው የተዋረድኩት።

የምታጥበኝ ልጅ ወሬኛ ናት። ስለ ፍቅረኛዋ እየነገረችኝ ነበር። መሐል ላይ ዝም አለች። ጣቶቿ ቆሙ። ፀጉር የሚያጥብ እጅ ሲቆም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ይሰማል። ከዚያ በሹክሹክታ፣ ማለትም ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ የፀጉር ቤቱን ባለቤት፣ ሴትዮዋን ጠራች።

"እስቲ ነይ፣ ይሄን ነገር እዪልኝ።"

መጣች። ግንባሯ ላይ የነበረውን መነጽር አወረደች። ፀጉሬን በሁለት ጣት ከፈለችው። በሁለት ብቻ። ሌሎቹን እንዳይነኩኝ ሰብስባቸዋለች።

"የኔ ቆንጆ፣ ልጆች አሉሽ አይደል?"

"አዎ።"

"ትምህርት ቤት ጀምረዋል?"

"ጀምረዋል። ለምን?"

"አይ፣ ከልጆች ስለሚመጣ ነው። አትፈሪ፣ ማንም ቤት ይገባል።"

"ምኑ?"

ፎኑ ጠፋ። ካስክ ውስጥ የተቀመጠችው ሴትዮ ካስኩን ወደ ላይ ገፋችው። ያኔ ገባኝ።

"ቡና ነው!"

"የምን ቡና?"

"ቡና ነው፣ የተጠጣ ቡና። አተላው።"

"ውይ! ተደፋብሽ?"

"አልተደፋብኝም። ራሴ ነኝ ያሸሁት። ቡና ነው።"

"ምን ሆነሽ?"

ምን ሆነሽ! እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው ይሄ ጥያቄ ነው። "ለፎረፎር ብዬ" አልኩ፣ ድምፄ ከቧንቧው ድምፅ አንሶ። ከወደ ካስኩ "ታዲያ ስኒውስ የታል?" ተባለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። የሚያበሽቀኝ እሱ ነው። አብሬያቸው ሳቅኩ!

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ብቻ አልሳቀችም። መነጽሯን መልሳ ግንባሯ ላይ አደረገችና "ቅማል ቢሆን ይሻልሽ ነበር" አለችኝ። "ቅማልስ መድኃኒት አለው።"

አጠገቤ ያለችው ደግሞ ቦርሳዋን አንስታ አንድ ወንበር ፈቀቅ አለች። ልብ በሉ፣ የራቀችው ቅማል አይደለም ከተባለ በኋላ ነው! ፎረፎር ሰምታ ነው የራቀችው። ፎረፎር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም እኮ፣ እመቤቴ። ማላሴዚያ የሚባለው ፈንገስ ያንቺም ራስ ላይ አለ። አዎ፣ አሁን። የራስ ቆዳችን የሚያወጣውን ቅባት እየበላ ሁላችንም ላይ ይኖራል። የኔ ቆዳ ጥፋቱ እሱ በልቶ የሚተወውን ትራፊ አለመቻሉ ብቻ ነው። ይቆጣል። ወር ገደማ ፈጅቶ መታደስ የነበረበት ቆዳ ይጣደፋል። ከዚያ እርስ በርሱ እንደተጣበቀ በቅርፊት በቅርፊት ይረግፋል። በቃ ይሄ ነው። የትኛው ላይ ነው "ቆሻሻ ናት" የሚለው?

ሰው ግን ይላል። አክስቴ ባየችኝ ቁጥር "ሳሙናውን ጠበቅ አድርጊ እንጂ ልጄ" ትለኛለች። እህቷ ደግሞ "መታጠብ ስታበዢ ነው የደረቀብሽ" ትለኛለች። ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው እንግዲህ። እስቲ መጀመሪያ እርስ በርስ ተስማሙ። የቢሮዬን ጉድማ ደጋግሜ ነግሬያችኋለሁ። ሰው በተሰበሰበበት ትከሻዬን በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አድርጎ "በረዶ ጣለ እንዴ?" ያለኝን አለቃ። እሱ ምን አለበት፣ መላጣ ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁንም አሳንሰር ውስጥ ሲገባ ትከሻዬን አያለሁ።

"ውሃ ጠጪ" የምትሉኝም አላችሁ። ጠጥቻለሁ። ሽንቴ ነው የበዛው።

እና እንዲህ ሲባል የከረመ ሰው ምን ያደርጋል? ይፈገፍጋል። በቡና አልጀመርኩም እኮ። መጀመሪያ ጨው ነበር። በጥፍሬ ስፎክተው የከረምኩት ራስ ላይ ጨው! ያን ቀን ያወጣሁትን ድምፅ ጎረቤቶቼ እስካሁን አልጠየቁኝም፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ መጣ። ሲቀላቀል ቱፍ ብሎ ይፈላል። ፈንገሱ ሲያልቅ የሚጮህ መስሎኝ ነበር። ለካ አሲዱና ሶዳው እርስ በርስ ተጠፋፍተው ጋዝ እየወጣ ነው። እኔ ላይ የቀረው ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው። ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ እኮ! ፈተናውንም አልፌያለሁ! በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ብልህ ሆኜ ለየብቻ አደረግኳቸው። ባሰ። የራስ ቆዳ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ 5.5 አካባቢ ነው። ሎሚ ወደ 2 ይጎትተዋል፣ ሶዳው ከ8 በላይ ይሰቅለዋል። ምስኪኑን ቆዳ ዥዋዥዌ ላይ አስቀመጥኩት ማለት ነው። የሎሚውን ጭማቂ ሳላጥብ ፀሐይ ላይ ወጥቼ ግንባሬ ላይ የቀረውን ጥቁር ምልክት "ማድያት ነው?" ያላችሁኝ ሁሉ፣ አይደለም። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንዲህ ያደርጋል።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ዘይቱ ነው። ወራት ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ የወይራ ዘይት ተቀብቼ በፌስታል ጠቅልዬ አደርኩ። "ደርቆ ነው፣ ይለስልስ" ብዬ። ያ ፈንገስ ቅባቱን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ያገኘውን በልቶ ነው የሚያድረው። ትቶት የሚሄደውና ቆዳዬን የሚያስቆጣው ኦሌይክ አሲድ የሚባል ነገር ነው። የወይራ ዘይት ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ራሱ ኦሌይክ አሲድ! ሌሊቱን በሙሉ ድግስ ደግሼለት፣ በፌስታል ሙቀት ጠብቄለት፣ ጠዋት "ለምን በዛ?" እያልኩ መስታወት ፊት አለቅሳለሁ። ማላሴ የሚባለው ፈረንሳዊ ይሄን ፈንገስ ከፎረፎር ቅርፊት ላይ በማይክሮስኮፕ ያየው በፈረንጆቹ 1874 ነው። 1874! እኔ እስከ ትናንት ማታ ድረስ ስኳር ሳሽ ነበር።

ደግሞ ሳላውቅ ብሠራው ይቅር እላለሁ። ዓመት እንኳ አልሞላውም፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ፀጉሬን ገለጥ አድርጎ አየና ተመለከተኝ።

"በምንድን ነው የምትፈትጊው? ድስት ነው እንዴ?"

ነግሮኛል። ይሄን እንዳልተነገረኝ መሆን አልችልም። መፋቁ የረገፈውን እንጂ የሚያረግፈውን እንደማይነካ ነግሮኛል። ሦስተኛው ቀን ላይ ለምን እንደሚመለስ ያኔ ነው የገባኝ። ቅርፊቱን ማላቀቅ ከፈለግሽ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው ሻምፖ አለ፣ ሳትፈገፍጊ ያላቅቅልሻል ብሎኛል። ለፈንገሱ ደግሞ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለው ሻምፖ ጻፈልኝ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ ወር። አረፋው ራስ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መቆየት አለበት። ይህችን ሁለት ጊዜ ነው የደገመልኝ፣ ፊቴን አይቶ ይሆናል።

እኔስ? ሁለት ቀን ተጠቀምኩት። አረፋው 30 ሰከንድ ሳይሞላው አጠብኩት። ሽታው መድኃኒት መድኃኒት አለኝ። ቆሞ መጠበቅ ደግሞ አይጥመኝም፤ ስትጠብቁ ምንም የሚረግፍ ነገር አይታይም። በሦስተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብዬ ተውኩት። ያን ሰሞን ነው ስለ አጃና ማር ያወራኋችሁ። አጃው ራሴ ላይ ገንፎ ሆኖ የቀረ ጊዜ። በሉ ሳቁ።

እና ሴትዮዋ "ቅማልስ መድኃኒት አለው" ስትለኝ ብድግ ብዬ "ፎረፎርም አለው!" ማለት ነበረብኝ። አለው! ቤቴ መደርደሪያ ላይ፣ ግማሽ ጠርሙስ፣ አቧራ ለብሶ ቆሟል! ግን ራሱ ላይ ቡና ተሸክሞ ስለ መድኃኒት የሚከራከር ሰው ማን ይሰማል? ዝም አልኩ። ልጅቷ ሁለት ጓንት አጥልቃ ጨረሰችልኝ። ሁለት ጓንት፣ ተደራርቦ። ሒሳቤን ከፍዬ፣ ጉርሻም ጨምሬ፣ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ እሺ?

ቤት ስደርስ ጠርሙሱን አወረድኩት። ገልብጬ አየሁት። ጊዜው አላለፈበትም። እሱም ሆን ብሎ ነው መሰለኝ፣ ሰበብ እንዳይኖረኝ። አሁን አረፋው ራሴ ላይ ነው። ይሄን ስጽፍ 5 ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል፣ አውቃለሁ፣ እታጠባለሁ። "ይድናል" አላለኝም ሐኪሙ። ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ ሲመለስ መልሰሽ ትጀምሪያለሽ ነው ያለኝ። እንግዲህ ምን ይደረጋል። ከጆሮዬ ጀርባ በጥፍሬ አንድ ፍሬ ቡና አውጥቻለሁ። ትራሴ ላይ ስንት እንዳለ አልቆጠርኩም።

ስልኬ ጮኸ። እሷው ናት፣ ቪዲዮውን የላከችልኝ። "ቡናው እንዴት ነበር?" ትለኛለች።

"አተላ አለው" ብያታለሁ።