ድሬ ላይ ነፃ ውሃ የት ነው ያለው?

ሰባት ሰዓት ላይ ከቀፊራ ገበያ ተነስቶ በእግሩ ከዚራ ሰፈር የገባ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኪሱ የሞላ ሃይላንድ ገዝቶ ይጠጣና ላስቲኩን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ይወረውራል (ይቺን ነገር ብንተው ደስ ይለኛል)። ሊስትሮውና ተሸካሚው ግን ሃይላንድ በገዙ ቁጥር ከምሳቸው ላይ ነው የሚቀንሱት።

ነፃ ውሃ ጠፍቶ እኮ አይደለም። መስጊዱ ቧንቧ አለው። ምግብ ቤት ጎራ ብሎ «እስቲ ውሃ አጠጡኝ» ያለን ሰው ድሬ ላይ ማን ይመልሳል? ግን ይሄንን የሚያውቀው የሰፈር ልጅ ነው፤ ከገጠር ለገበያ የመጣችው እናት ሳትገዛ መግባት ታፍራለች፣ እንግዳውም የትኛው በር እንደሚከፈትለት አያውቅም።

እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሪፊል የሚባል ዘመቻ ተጀመረ። አዲስ ቧንቧ አልዘረጉም። ካፌውና ሱቁ መስኮቱ ላይ ምልክት ይለጥፋል፣ ያየ ሰው ኮዳውን ይዞ ይገባል፣ ሞልቶ ሳይገዛ ይወጣል። በቃ። ሮም እንደምታደርገው መንገድ ዳር ቀንና ሌሊት የሚፈስ ቧንቧ ይሠራልን የሚሉ አሉ፤ እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ዛሬ ወደ 2,500 ይደርሳል። ያምራል፣ ግን ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ሰፈር ይሄ ቅንጦት ነው።

ለኛ የሚሆነው የብሪስቶሉ ነው፤ የኛ ምልክት ግን ጽሑፍ ባይኖረው ይሻላል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ እያልን ስንጨቃጨቅ ዓመት ይሄዳል። ሰማያዊ ብርጭቆ ይሳልበት፣ ማንም ያነበዋል። ስማርት ስልክ ያለው ደግሞ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ቦታውን ይመዝግበው፤ ነፃ ካርታ ነው፣ ለመጠጥ ውሃ የራሱ ምልክት አለው፣ ማንም ማስገባት ይችላል።

«የድሬ ውሃ ከባድ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ማፍያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ሁላችንም ፍቀናል። እሱ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው፣ ውሃን ከባድ የሚያሰኘውም ይሄው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለውሃ ክብደት ብሎ ከጤና አንፃር ያስቀመጠው ጣሪያ የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ሮቶው ነው። ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ስንት ጊዜ ሳይታጠብ ይከርማል? ምልክቱን የሚለጥፍ ቤት ሮቶውን ያሳጥብ፣ ክሎሪን ይጨምርበት። ለሁሉ አንድ ጣሳ ማስቀመጥም ይቅር፣ ሰው በራሱ ዕቃ ይቅዳ።

ለመጀመሪያ ከዚራን አልመርጥም፤ እዚያ ካፌ የሚቀመጠው ገዝቶም ይጠጣል። መናኸሪያውና ቀፊራ ይቅደሙ።